አሥራ አንደኛው

የብረት ፋብሪካው ጭስ ከሐይቁ ጉም ሲጋባ፣
የመጨረሻው አውቶቡስ ባዶውን ሲገባ፣
ሃሚልተን ተኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኔ፣ ብልቃጥ ላይ አፍጥጬ፣
ስለት እሠራለሁ ዝምታን አላምጬ።

ሃያ አንድ ቅንጣት ነው፣ ክር ላይ የተሰካ፣
አንዱ ካንዱ ኋላ በልክ የተለካ።
ውሃ ውስጥ ሲለቁት ልል ነው፣ ልፍስፍስ ነው፣
ቁጣ የማያውቀው፣ አጥንት የሌለው።
በባክቴሪያው ደጃፍ ሲያልፍ ሲያገድም
ስሱን የቅባት ግንብ አይነካ፣ አይቀድድም።
ዚንክ ጠብ ሲልለት ግን —
ሁለት ሂስቲዲኖች ከግራ ከቀኝ ይዘውት፣
ክሩን እንደ ገመድ ባንድ አፍታ አክርረውት፣
ይጠመዘዛል፣ ይቆማል፣ ይጠነክራል፣
ግንቡን ከላይ እስከ ታች ገብቶ ይሰረስራል።

ይኸው ነው ሐሳቡ። ለመናገር ቀላል፦
በደም ሲዞር ይተኛ፣ ቁስል ሲደርስ ይንቃ።
ለመሥራት ግን ሁለት የበረዶ ክረምት አለቀ፣ በቃ።

አንደኛው ጨካኝ ነው፤ ዚንክ ሳያይ ገና
የበግ ደም ፈጀብኝ፣ ብልቃጡ ቀላና።
ሁለተኛው ሰነፍ፤ ዚንክ ብታጠጪው
አይነቃም ብትለምኚው፣ አይነቃም ብትቆጪው።
ሦስተኛው ለዚንክም ለመዳብም ታዛዥ፣
መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ተጓዥ።
ከአራት እስከ አሥር ስማቸውን አልጠራም፤
አንዱን ፍሪጅ በላው፣ ሌላው አልተሠራም።

አሥራ አንደኛውን ያዘዘችው ዱንያ ናት።
አራትና ሰባት ነበር የኔ ስሌት፤
አራትና ስምንት ጻፈች በዚያ ሌሊት።
ደክሟት ነው። አንዲት ቦታ ብቻ፤ ሂስቲዲኑ ዞሮ
ወንድሙን አገኘው ፊት ለፊት ተቀጣጥሮ።

የዱንያ አባት ስቲፖ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ቆርቆሮ ዚንክ ሲያለብስ ነው ያለቀው ጉልበቱ ሁሉ።
ሰኞ ማታ ይንቀጠቀጣል፤ ከገንዳው የሚነሳው ጭስ ነው።
ወተት ጠጥቶ ይተኛል፣ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ነው።
«ዚንክ» ይለናል፣ «ዘበኛ ነው፤
ዝገት ሲመጣ ቀድሞ የሚበላው እሱን ነው።»
እሱ ዘንድ ጋሻ፤ እኔ ዘንድ ሰይፍ የሚያስመዝዝ።
ሰሙ ቅባት ሆኖ ወርቁ ዚንክ የሆነበት
ቅኔ አለ ብል ማን ያምነኛል እዚህ ቤት?

የቅባት ፊኛዎች ሠራን፣ ከአቧራ ያነሱ፣
አረንጓዴ ቀለም ታጭቆ በውስጣቸው።
ቀለሙ ሲጨናነቅ ይጨልማል፤
ሲፈስ ነው የሚያበራው።
ሰንሰለቱን ጨመርን። አሥር ደቂቃ፤ መስመሩ ወለል ላይ እንደ ተኛ።
ዱንያ የጓንቷን ጫፍ ትስባለች፣ ትለቃለች።
ዚንክ።
መስመሩ ተነሳ፣ ገደል እንደምትወጣ ፍየል፣
ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ማሽኑ አረንጓዴውን እየቆጠረ።
ከዚያ ዚንክ ነጣቂውን ጨው ጠብ አደረግሁ፦
ቀጥ አለ።

ቀጥ አለ እንጂ አልወረደም።
ስለቱ ተኛ፤ የፈሰሰው ግን አልታፈሰም።
ይህን አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም፣
ማጥፊያ ስሠራ መመለሻ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዱንያ ለአባቷ ደወለች።
ነቅቷል፤ ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም።
«ለማጥፋት ስንት ይፈጃል?» ብቻ ነው ያለው።
«አራት ሰከንድ።»
ዝም አለ። «የኛ ገንዳ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር» አለ፣ ስልኩን ዘጋ።

ጠዋት አለቃችን ወረቀቱን አገላብጦ፣
«ስምንት ለምን?» አለኝ መነጽሩን አውጥቶ።
ስለ ጠመዝማዛው፣ ስለ ማዕዘኑ፣ የሚያምር መልስ ነበረኝ፤
ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተኛ።
«ዱንያ ደክሟት ነበር» አልኩት።
ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤
ብልቃጦቹን ማጠብ ጀምራ ነበር።